በኒቆዲሞስ ቅዳሜ የመታሁት ከበሮ

ከበሮውን የመታሁት እኔ ነኝ። ይምቱት ያለኝ መምህሩ ነው። በሽማግሌ ፊት ሲጠየቅ አላልኩም ብሎ ማለ፤ እሱን አመኑት፣ እኔን ከእድር አስወጡኝ፣ ሚስቴም ያለ ቀባሪ ቀረች። የተደረገብኝ በደል ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ልኮራበት ብዬ አይደለም። ነገሩ ሲሆን አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል እንኳ ከሌላው አልለይም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በንዴት ነው። አጻጻፌ ሻካራ ቢሆን ይቅርታ አልጠይቅም፤ የተደረገብኝም ለስላሳ አልነበረም።

ቤቴ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄዶ ወደ ግራ ገባ ሲሉ፣ ወንዝ ዳር ነው። በቆሎ እዘራለሁ፣ በርበሬ እተክላለሁ። ከበሮውን ከአጎቴ ወረስኩት። እሱ ሲሞት በደብራችን ትልቁን ከበሮ አንግቶ የሚቆም ሌላ ሰው ጠፋ፤ እኔ አንገቴን ሰጠሁ። ከበሮ ለመምታት ማንበብ አያስፈልግም፤ ጆሮና ወገብ ይበቃል። እየቆየ በስሜ የሚጠራኝ ጠፍቶ ሰው ሁሉ «አያ ከበሮ» ይለኝ ጀመር፣ ሚስቴ ሳትቀር።

ዓመቱ ሁለት ሺህ ነው። አዲሱ ሺህ ዓመት ገባ ተብሎ ሰው ሁሉ ትልቅ ነገር ካልሠራሁ የሚልበት ዓመት። ከተማው ውስጥ አንድ የሂሳብ መምህር ነበረ፤ ከወሎ በኩል ተመድቦ የመጣ፣ ዲያቆን፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ በገና የሚደረድር። ይህ ሰው ሁለት ዓመት ተቀምጦ አንድ መዝሙር ደርሶ ነበር። መዝሙር ስላችሁ ያ በየሰንበቱ የምንሰማው አጭሩ አይደለም። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄድ፣ ከጸሎተ ሐሙስ ተነሥቶ ትንሣኤ ላይ የሚደርስ ነው። ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው ያዜማሉ፤ አንዷ የእመቤታችንን ኀዘን፣ አንዱ የጴጥሮስን ክህደትና ልቅሶ፣ አንዱ ደግሞ ታሪኩን ይናገራል። ስድሳ ሰው ከኋላ ቆሞ አንዴ ስቀለው የሚለውን ሕዝብ ይሆናል፣ አንዴ የሚያለቅሱትን ሴቶች፣ መጨረሻ ላይ መላእክትን። ከፊት ሁለት በገና፣ ሦስት ማሲንቆ፣ ክራርና አራት ዋሽንት ይቀመጣሉ። ከዘማሪዎቹ ግማሹ የፍኖተ ሰላም ነው፣ ግማሹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሬ በመኪና ይመጣል። በዳግማይ ትንሣኤ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት በደብሩ ግቢ እንዲዘመር ተቆረጠ።

ከበሮው የሚገባው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። መምህሩ ሲያስረዳኝ እንዲህ አለኝ፦

«ሕዝቡ ጾሙን ሙሉ ከበሮ ሳይሰማ ይቆይ የለ አያ? መዝሙሩም እንደሱ ይጹም። ከዚያ መቃብሩ ሲከፈት ሦስት ጊዜ ይመታሉ። በሦስተኛው ላይ ስድሳው ሰው ተነሣ ብሎ ይገባል።»

ገባኝ። ሰውዬውን ከዚያ ወዲህ ስጠላው ኖሬያለሁ፤ ይህን ሐሳቡን ግን እስከ ዛሬ አልጠላሁትም።

ችግሩ ልምምዱ በጾም መሆኑ ነው። በዐቢይ ጾም በገና ይደረደራል እንጂ ከበሮና ጸናጽል አይነካም። ከበሮው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከምንለማመድበት ከደብሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውላል፣ እኔ ከሥሩ ተቀምጬ ጭኔን እመታለሁ። መምህሩ ለሁሉም በደብተር ጽፎ ሰጠ፤ ለኔ ግን ማንበብ እንደማልችል ስለሚያውቅ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ብቻ ደረደረልኝ። ነጥብ መቁጠር አያቅተኝም። ልጃገረዶቹ «አያ ከበሮ፣ ሱሪው እንዳይቀደድ!» እያሉ ይስቁብኛል። ቤት ስገባ ደግሞ የአልጋውን ጠርዝ እመታለሁ። ሚስቴ ያን ጊዜም ሆዷን ይቆርጣት ነበር፤ ጋደም ብላ ታየኛለች።

«ለጭንህም ለአልጋዬም አዘንኩ» ትለኛለች። «ለዳግማይ ግን ነጠላዬን አጥቤ ፊት ለፊትህ ነው የምቆመው።»

በኒቆዲሞስ ሳምንት ቅዳሜ፣ ነገ ሆሳዕና ነው ባልንበት ቀን፣ ነገሩ ተበላሸ። መጨረሻው ላይ ስንደርስ እኔ ጭኔን መታሁ፣ ስድሳው ሰው ተዘበራረቀ። ግማሹ በሁለተኛው ገባ፣ ግማሹ ሦስተኛውን አልሰማም። ደገምነው፤ ያው። አምስት ጊዜ ደገምነው። የቡሬዎቹ መኪና ሊሄድ ነው፣ ሹፌሩ ውጭ ጡሩምባውን ይነፋል። መምህሩ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደኔ መጥቶ ጎንበስ አለና ጆሮዬ ሥር፦

«አያ፣ አንዴ ብቻ ይምቱት» አለኝ።

«ምኑን?»

«ከበሮውን። ድምፁን ካልሰሙት አይገባቸውም።»

«ጾም እኮ ነው።»

«ለሱው ነው የምንደክመው። እግዜር በዚህ አይቆጣም። ጨርቁን ሳይፈቱ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ።»

በአክብሮት ነው ያዘዘኝ፣ ይምቱት ብሎ። እሱ ዲያቆን ነው፣ የተማረ ነው፤ እኔ ፊደል የማላውቅ ገበሬ። የሚያውቀውን ቢያውቅ ነው አልኩ። የእመቤታችንን ድምፅ የምታዜመው ልጅ ከአጠገባችን ቆማ ነበር። ከሷ በቀር የሰማ የለም። ከበሮውን አወረድኩ፣ አነገትኩት፣ ተጀመረ፤ ሦስት ጊዜ መታሁ።

ስድሳውም በአንድ አፍ ገባ። የቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። ሲያበቃ አጠገቤ የሚቀመጠው የቡሬው ማሲንቆ መቺ ዓይኑን በእጁ ጠረገ። ከዕድሜዬ ሁሉ ያችን የምታህል ደቂቃ የለኝም። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ተሳስቼ ነበር ብዬ እንኳ ከልቤ ማለት አልችልም።

የኛ አገር ሴቶች ደግሞ ከቅዳሜ ገበያ ሲመለሱ በደብሩ አጥር ሥር ነው የሚያልፉት። ሰሙ።

ሰኞ የሰሙነ ሕማማት መጀመሪያ ነው። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ለስግደት ወጥቶ ሳለ ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ከወንዙ ወዲያ ማዶ ጠብ አላለም፤ ወዲህ ማዶ የኛን ብቻ ወቃው። ወሩ ሚያዝያ ነው፣ የበርበሬ ችግኝ በየመደቡ ላይ ገና ጣት አክሏል። ስንወርድ መደቡ ጭቃ ሆኗል። የኔም መደብ አብሮ ጠፍቷል፤ ይህን ያስተዋለልኝ ግን የለም። ሴቶቹ ቅዳሜ የሰሙትን ተናገሩ፤ በረዶውን ያመጣው ከበሮው ነው ተባለ። በማግስቱ «አያ ከበሮ» ቀርቶ «አያ በረዶ» ሆንኩ።

«አያ በረዶ፣ እስቲ ደግሞ ዝናብ ምታልን!» ይለኛል አንዱ ከማሳው ሆኖ።

ከፋሲካ በኋላ ሐሙስ ዕለት ከወይራው ሥር ተሰበሰቡ፤ የእድሩ ዳኛ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሁለት ቄሶች። መምህሩም ተጠርቶ መጣ። ዳኛው ጠየቀኝ፦

«መታህ ወይስ አልመታህም?»

«መታሁ።»

«በጾም?»

«በጾም። መምህሩ አዞኝ ነው።»

ሁሉም ዞሮ አየው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሣ። «አባቶቼ፣ እኔ ዲያቆን ነኝ። በጾም ከበሮ ምቱ ልል? እርሳቸው ስሜት ገፋፍቷቸው ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አላልኩም።» ማል አሉት። ማለ።

አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ «ልጄ፣ ጠልቼህ አይደለም» አለችኝ፤ «ለፍየል እንኳ የሚሆን ቅጠል አልተረፈኝም። ማንን ልጠይቅ?»

ፈረዱ። ቢሞትበት አንቀብርለትም፣ ቢሞትብን አይቅበር። በወረቀት ጽፈው ማኅተም መትተው ሰጡኝ። ምን እንደሚል ስላላወቅሁ ጣሪያው ማገር ውስጥ ወሸቅሁት።

በዳግማይ ትንሣኤ መዝሙሩ ተዘመረ። ሚስቴ ቤት ቀረች፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁ። ከበሮውን አንድ የቡሬ ልጅ ይዞታል። ዘገየ፣ አበላሸው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልዘገየም። ሦስቱንም አሳምሮ መታ፣ ስድሳውም በአንድ አፍ ገባ። ያን ቅዳሜ ከኔ የሰሙትን ነው የያዙት። ሕዝቡ በእልልታ ግቢውን አናወጠው። ቤት ስደርስ ሚስቴ ቀና አለች።

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር።»

«ከበሮውስ?»

«ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ!» ብዬ ጮኽኩባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሰኔ በሽታዋ ጠና። ከተማ ወስጄ አሳየኋት፤ ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ ሳትቆይ ባሕር ዳር ትሂድ አለኝ። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

«አልሄድም» አለች።

«ለምን?»

«እዚያ ብሞት ሬሳዬን ማን ያመጣዋል?»

«አትሞቺም።»

«እሱን ተወው። ማን ይቀብረኛል ነው ያልኩህ።»

ምን ልበላት? አገራችን ውስጥ ሰው ከሞት ይልቅ የሚፈራው ይህንኑ ነው። በእድር ያለ ሰው ባሕር ዳር ቢሞት መኪና ተይዞ፣ ወጣቱ ሄዶ፣ ሬሳው ለአገሩ አፈር ይበቃል። እሷ ይህ እንደሌላት አወቀች፤ ስለዚህ ለመዳን እንኳ ከቤቷ ርቃ መሄድ ፈራች። እኔ ምን አደረግሁ? እሁድ ጠዋት ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ትልቅ ድንጋይ ትከሻዬ ላይ ጭኜ በደጀ ሰላሙ ተንበረከክሁ።

«ማሩኝ። ማንም አላዘዘኝም። መምህሩን በሐሰት ነው ያነሣሁት። በራሴ ነው የመታሁት።»

ይህ የማይለውጠው ሰው የለም ብዬ ነው። መጀመሪያ ያልማሩኝ እምቢ ብዬ ስለተከራከርኩ መስሎኝ ነው። ጥፋቴን ሁሉ ከተሸከምኩ ይምሩኛል፣ እሷም ባሕር ዳር ትሄዳለች። ዳኛው ጸሐፊውን ጠርቶ ቃሌን አስጻፈ፣ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምኩ። ከዚያ ዘወር ብለው ተመካከሩና መጡ።

«እንግዲህ» አለ ዳኛው፣ «ያን ጊዜ በሽማግሌ ፊት ዋሽተህ ኖሯል። ከበሮው አንድ ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላ ነው። የዚህ ቅጣት ሦስት ዓመት ነው።»

ድንጋዩን እዚያው ጥዬ ሄድኩ። አንድ አሮጌ ቄስ ተከትለው «ልጄ፣ ታገሥ» አሉኝ። «እስከ መቼ አባ? ሬሳው እስኪሸት?» አልኳቸው። መጥፎ ቃል ነው የተናገርኩት፤ አሁንም አላነሣውም።

ነሐሴ ላይ ሞተች። ጥሩምባ አልተነፋላትም። ቃሬዛውን የያዝነው አራት ነን፤ እኔ፣ ወንድሜ፣ ጅጋ ከተማ ያገባችው የልጄ ባልና ያ የቡሬው ማሲንቆ መቺ። እሱ የኛ እድር ስላልሆነ የሚቀጣው የለም፤ ሰምቶ በራሱ መጣ። ወንዙ ሞልቷል፣ ጭቃው ጉልበት ይውጣል። ሌላ ጊዜ ሃምሳ ሰው እየተቀባበለ የሚሸከመውን አራታችን ስድስት ቦታ መሬት እያስቀመጥን ወሰድነው። በየአጥሩ ሰው ቆሞ ያያል። አንዳንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፣ ግን አትወጣም። መቃብሩን ጠዋት ራሴ ነበር የቆፈርኩት። ያ አሮጌው ቄስ ፈቱላት፤ ፍትሐቱን ማንም አልከለከላቸውም። ልጄ ብቻዋን ጮኸች። የአንድ ሰው ጩኸት መቃብር ላይ እንዴት እንደሚያሳፍር ያልሰማ አያውቀውም።

ቤት ገብቼ ያን ወረቀት ከማገሩ አወጣሁት። ምን ቢጽፉብኝ ነው ሰው እንዲህ የሆነብኝ? ሌላ ሰው አንብብልኝ ማለት ግን ሞት መሰለኝ። በተከታዩ ዓመት ቀበሌው ጎልማሶችን በየሳምንቱ ከሰዓት በኋላ ማስተማር ሲጀምር ሄድኩ። የልጅ ልጅ ያዩ አሮጊቶች መሀል ተቀምጬ ሀሁ አልኩ። አስተማሪያችን ወጣት ልጅ ናት፤ «ጋሼ፣ እስክሪብቶውን አይጨብጡት፣ ይያዙት እንጂ» ትለኛለች። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ወረቀቱን በራሴ ያነበብኩ ቀን ሦስት መሥመር ብቻ ሆኖ አገኘሁት። በጾም ከበሮ ስለ መታ፣ በእድሩ ውሳኔ ተወግዷል። ሌላ ምንም የለውም። እኔ ትልቅ ነገር ተጽፎብኝ ነበር የመሰለኝ።

የሦስት ዓመቱ ቅጣት ሲያልቅ ግባ አሉኝ። አልገባም አልኩ። ማን ሊቀበርልኝ?

ደብዳቤው የመጣው በሁለት ሺህ አራት፣ በታኅሣሥ ነው። መምህሩ ከተዛወረ ቆይቷል። በስሜ ጽፎልኛል፤ የማነብ መሆኔን አያውቅም፣ ሰው ያነብለታል ብሎ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ያን ጊዜ ይምቱት ማለቱን፣ መካዱን፣ መማሉን ጽፏል። ቢያምን ኖሮ ቄሶቹ መዝሙሩን እንደሚያግዱት፣ የስድሳ ሰው ድካም ከንቱ እንደሚሆን፣ አንድ ሰው ቢወቀስ ይሻላል ብሎ ማሰቡን ጽፏል። ስለ ሚስቴ የሰማው ገና አሁን ነው ይላል። ሥጋ ወደሙ ሊቀበል ሲል የንስሐ አባቱ፣ ካልጻፍክ አልፈታህም ስላሉት ነው የጻፈው። ለኔ ብሎ አይደለም። ግን ጻፈ፤ ከታችም ፈረመ።

እድሩ በተሰበሰበበት ገብቼ ቆምኩ። ጸሐፊው እጁን ዘረጋ።

«አምጣ ላንብብልህ።»

«እኔ አነበዋለሁ።»

«አንተ?» ብሎ አንዱ ሳቀ።

እየተንተባተብኩ ነው ያነበብኩት። አንዳንዱን ቃል ሁለቴ ሦስቴ እየሞከርኩ። ማንም አላቋረጠኝም። ስጨርስ ግን ዳኛውን ያ አመሉ መጣበት።

«አንተው ራስህ እኮ ድንጋይ ተሸክመህ ማንም አላዘዘኝም ብለሃል። ፈርመሃል። የትኛውን ቃልህን እንመን?»

«ሚስቴ እየሞተች ነበር» አልኩ። «አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? ተናገራ!»

ያች ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ከሴቶቹ ወገን ተነሣች። «ዳኛዬ፣ ይበቃል» አለች። «እኔ የቀብሯ ዕለት አጥሬ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ሲነሣ። ያን ቀን ያልወጣሁት አንተን ፈርቼ ነው። አሁን አልፈራህም።»

ተመካከሩ። በሽማግሌ ጠየቁኝ፦ ካሣ ምን ትፈልጋለህ?

«ለሚስቴ ልቅሶ ተቀመጡ» አልኩ። «ድንኳን ተክላችሁ፣ ጥሩምባ አስነፍታችሁ፣ ሦስት ቀን። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ሰውዬ፣ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል። እንዴት ተብሎ ነው?»

«እኔ ሦስት ዓመት ብቻዬን ተቀምጫለሁ። እናንተ ሦስት ቀን አቃታችሁ?»

አንድ ሳምንት ተከራከሩ። ቄሶቹም አይተነው አናውቅም አሉ። ያ አሮጌው ቄስ ናቸው በመጨረሻ «ልቅሶ ለቆየ ሰው አይደረስም የሚል የት ተጽፏል?» ብለው የፈረዱልኝ።

ዓርብ ጠዋት ጥሩምባው ተነፋ። ከማዶ ያሉት ግራ ገብቷቸው ይጣራሉ።

«ማን ሞተ?»

«የአያ ከበሮ ሚስት!»

«እሷ ሞታ የለም እንዴ?»

«ዛሬ ነው የምንቀብራት! ና ውረድ!»

መጡ። ድንኳኑ ሞላ። እያንዳንዱ ሰው ወደ መቃብሯ ሄዶ አፈር ጨመረ። አልቃሿ የሚስቴን ሙያ፣ የሚስቴን እጅ እያነሣች አስለቀሰቻቸው። አንዳንዱ የምሩን ነው ያለቀሰው፣ አንዳንዱ ስለተፈረደበት ነው። ለኔ ለውጥ የለውም፤ ለሷ የሚገባት ድምፅ ነበር፣ ተሰጣት። ቅዳሜ ዕለት የእመቤታችንን ኀዘን ታዜም የነበረችው ልጅ ሕፃን አዝላ ከከተማ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያን ቀን ሰምቼ ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም አይሉኝም?»

«መዝሙሩ እንዳይቀር ብለሽ ነዋ።»

አልማርኳትም፣ አልረገምኳትምም። ውሃ አስመጣሁላት፤ የሩቅ መንገድ ነው የመጣችው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ የድንኳኑን ካስማ ነቀሉ፣ ሸራውን አጠፉ። ዳኛው ጸሐፊውን አስጠርቶ የተጻፈብኝን ሁለቱንም፣ ውግዘቱንም በድንጋዩ ቀን የሰጠሁትንም ቃል፣ በሰው ፊት አሰረዘ፣ ከሥሩም ነገሩ ማለቁን አስጽፎ እንድፈርም ሰጠኝ። መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከዚያ በጣቴ ሳይሆን በስሜ ፈረምኩ፤ እሑድ፣ ጥር 6 ቀን 2004 ዓ.ም.